የሌለውን ዑደት ማየት፦ የሲግናል ትንተናን በሲሙሌሽን ስለ ማስተማር

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሲግናል ትንተና ትምህርት ስንጀምር በመጀመሪያው ቀን አንድ ግራፍ እናሳያለን። አግድሙ መስመር ዓመታትን፣ ቋሚው መስመር የክረምት ዝናብን መጠን ያመለክታል። መስመሩ በቀስታ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በሁለት ጎድጓዶች መካከል ያለው ርቀት ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥር ዓመት ይሆናል። ከዚያም «ከዚህ ግራፍ ምን ታነባላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን።

ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። ፈጥነው የሚመልሱት ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጡት ናቸው። ድርቅ ለእነርሱ በመጽሐፍ የተነበበ ነገር አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አንዱ ተነሥቶ ጣቱን በአንደኛው ጎድጓድ ላይ ያሳርፍና «ይህ ስድሳ ስድስት ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ሰባ ሰባት» ይላል። ሌላው ተቀብሎ «አባቶቻችን ድርቅ በየዐሥር ዓመቱ ይመጣል የሚሉት እውነት ነው» ሲል ያጸናዋል። ክፍሉም በአንድ ድምፅ ይስማማል።

እውነቱን የምንነግራቸው በዚህ ጊዜ ነው። በግራፉ ላይ አንዲት ጠብታ ዝናብ የለችም። ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ያወጣቸው ሲሆን፣ ማዕበሉን ደግሞ የፈጠርነው እኛው ነን። እንዴት እንደ ፈጠርነው ማወቅ የሴሚስተሩ ግማሽ ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ ለማሳየት እንሞክራለን።

ሲግናል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሲግናል ማለት ከጊዜ ወይም ከቦታ ጋር የሚለዋወጥና መረጃ የሚሸከም መጠን ነው። የማሲንቆ ድምፅ ሲግናል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም አቀፉን የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሚመዘግበው የምድር መንቀጥቀጥም ሲግናል ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ከላይኛው ከባቢ አየር ስለሚመለሱ የሬድዮ ሞገዶች ሲያጠና የሚመረምረው ይህንኑ ነው። በአንድ የወረዳ ከተማ የሚገኝ የዝናብ መለኪያ በየቀኑ ጠዋት ሲነበብ የሚጻፈው ቁጥርም እንዲሁ።

እነዚህ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ፤ በተርታ የተደረደሩ ቁጥሮች ይሆናሉ። የሲግናል ትንተና ሥራ ከዚህ የቁጥር ተርታ ውስጥ መልእክቱን ከሁከቱ መለየት ነው። ሁከት የምንለው ልናጠናው ከፈለግነው ነገር ጋር ግንኙነት የሌለውን፣ ነገር ግን አብሮ የሚመዘገበውን ለውጥ ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ማሲንቆ በቴፕ ለመቅዳት የሞከረ ሰው ሁከት ምን እንደ ሆነ ትርጉም አይሻም፤ ከተማይቱ ስሟን የተቀበለችበት ነፋስ በማይክሮፎኑ ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማዋል።

ሲሙሌሽን ለምን?

ሲሙሌሽን ማለት አንድን ክስተት በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ነው። ብዙ ሰዎች ሲሙሌሽንን የሚመለከቱት የመሣሪያ እጥረት ማሟያ አድርገው ነው። ኦሲሎስኮፕ ለሁሉም ተማሪ በማይዳረስበት ቤተ ሙከራ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው።

አንድ ነጋዴ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ሲፈልግ የሚያስቀምጥበት ክብደቱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። ክብደቱ ባልታወቀ ጤፍ ሚዛን አይፈተንም። የሲግናል ትንተና ዘዴም ሚዛን ነው። ከተፈጥሮ በተገኘ መዝገብ ላይ ብቻ ብንጠቀምበት የሚሰጠን መልስ ትክክል መሆኑን የምናረጋግጥበት መንገድ አይኖረንም፤ ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። በሲሙሌሽን ግን መልሱን በቁጥሮቹ ውስጥ ያስቀመጥነው እኛው ስለሆንን፣ ዘዴው ያስቀመጥነውን ሲያጣውም ሆነ ያላስቀመጥነውን ሲያወጣ እንይዘዋለን። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ማንኛውንም ዘዴ በእውነተኛ መዝገብ ላይ ከመሞከራቸው በፊት በታወቀ ሲግናል እንዲፈትኑት እናደርጋለን።

የአርብ ገበያ መንገደኛ

የመጀመሪያው ልምምድ ስለ ናሙና አወሳሰድ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ይባላል። ስሙ እንደሚናገረው ገበያው በየዓርቡ ይቆማል እንበል። አንድ መንገደኛ በየ8 ቀኑ በከተማው ያልፋል። የመጀመሪያው ቀን ዓርብ ስለሆነ ገበያውን ሞልቶ ያገኘዋል። ቀጥሎ የሚያልፈው ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ፣ ከዚያ ሰኞ ነው፤ ሜዳው ባዶ ነው። ገበያውን እንደገና የሚያገኘው በ56ኛው ቀን ይሆናል። ይህ ሰው ማስታወሻውን አይቶ «በአርብ ገበያ ገበያ የሚቆመው በየስምንት ሳምንቱ ነው» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፤ ያየውን ጽፏል። በየ7 ቀኑ ዓርብ ዓርብ የሚያልፍ ሌላ መንገደኛ ደግሞ ገበያው በየቀኑ የሚውል ይመስለዋል።

ተማሪዎች ይህንን በኮምፒውተር ሲያስመስሉ ለ7 ቀኑ ዑደት በየ8 ቀኑ ናሙና ይወስዳሉ፤ ከፊታቸውም የ56 ቀን ሞገድ ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከአንድ ሰባተኛ ላይ አንድ ስምንተኛ ሲቀነስ አንድ ሃምሳ ስድስተኛ ይቀራል። ናይኵስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ሻነን ደግሞ በ1949 ባሳተሟቸው ሥራዎች የሚታወቀው ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንድን ዑደት በትክክል ለመያዝ በእያንዳንዱ ዑደት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የ7 ቀን ገበያን ለማወቅ መንገደኛው ከ3 ቀን ተኩል ባነሰ ልዩነት ማለፍ ነበረበት። የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ከፍተኛው ድግግሞሽ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነውና።

አንድ ክረምት፣ ሁለት ጫፍ

ፈረንሳዊው ፎርዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው የሙቀት ጥናቱ ማንኛውንም ተደጋጋሚ ለውጥ የቀላል ሞገዶች ድምር አድርጎ መግለጽ እንደሚቻል አስተማረ። እያንዳንዱ ሞገድ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው የሚያሳየውን ግራፍ ስፔክትረም እንለዋለን። ለረጅም ዘመን ስሌቱ እጅግ አድካሚ ነበር። ኩሊና ቱኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳወቁት ፈጣን ዘዴ ይህን ለወጠው፤ ለ1,024 ቁጥሮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብዜት ይጠይቅ የነበረው ሥራ ወደ ዐሥር ሺህ ገደማ ወረደ። ዛሬ ይህ ሥራ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ የአንድ ትእዛዝ ጉዳይ ነው። አደጋውም ከዚህ ላይ ይጀምራል፤ ትእዛዙን መስጠት ቀላል ሲሆን መልሱን ማንበብ ግን እንደ ቀድሞው ከባድ ነው።

ተማሪዎች በየዐሥር ቀኑ የተደመረ የ40 ዓመት ዝናብ አስመስለው እንዲሠሩ እናዛለን። በዓመት 36፣ በጠቅላላው 1,440 ቁጥሮች ማለት ነው። በዓመቱ ውስጥ አንድ ክረምት ብቻ ያስገባሉ፤ በልግ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ስፔክትረሙን ሲያወጡ እንደ ጠበቁት በ12 ወር ላይ ትልቅ ጫፍ ያያሉ። ነገር ግን በ6 ወር ላይም ሌላ ጫፍ ይታያል። በርካታ ተማሪዎች እውነተኛ መዝገብ ላይ ይህን ቢያገኙ «የ6 ወር ዑደት አለ፤ ስለዚህ በልግና ክረምት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ናቸው» ብለው በጻፉ ነበር። ግን በልግን እነርሱ ራሳቸው አላስገቡም።

ማብራሪያው ከማሲንቆ ጭራ አይርቅም። አንድ ክር ሲመታ ዋናው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የእርሱ ሁለት፣ ሦስትና አራት እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸው ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ማሲንቆና ዋሽንት አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ቢሆኑም የምንለያቸው የእነዚህ አጃቢዎች ድርሻ ስለሚለያይ ነው። ክረምትም ዓመቱን ሙሉ በእኩል የሚወጣና የሚወርድ ሞገድ አይደለም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ይዘንብና ያቆማል። እንዲህ ያለውን ሹል ቅርጽ ለመሥራት የ6 ወርና የ4 ወር አጃቢ ሞገዶች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የ6 ወር ጫፍ መታየቱ ብቻውን ለበልግ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከዘፈቀደ ቁጥር የሚወለድ ማዕበል

አሁን ወደ መጀመሪያው ግራፍ እንመለስ። ኮምፒውተሩ 40 የዘፈቀደ ቁጥሮች እንዲያወጣ አዘዝነው። አንዱ ዓመት ስለ ሌላው ምንም አያውቅም። እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ከአንድ ጉብታ እስከሚቀጥለው ያለው አማካይ ርቀት 3 ዓመት ነው፤ ግራፉም የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ከዚያ ብዙ ተመራማሪ እንደሚያደርገው «ሁከቱን ለመቀነስ» የ5 ዓመት ተንቀሳቃሽ አማካይ ወሰድን፤ ማለትም እያንዳንዱን ዓመት ከጎረቤቶቹ ጋር በአምስት አምስት እያደረግን አማካዩን ጻፍን። የጉብታዎቹ ርቀት ወደ 4 ዓመት አደገ። መስመሩ ገና ስላላማረን ያንኑ ሥራ በድጋሚ ሠራን። አሁን አማካይ ርቀቱ 8 ዓመት ገደማ ሆነ። በ5 ፈንታ 7 ዓመት ብንጠቀም ደግሞ ከ9 ዓመት በላይ ይሆናል።

ከምንም ተነሥተን ለ«ዐሥር ዓመት ዑደት» የቀረበ ማዕበል ሠራን ማለት ነው። ይህ እንዲያው የመማሪያ ክፍል ጨዋታ አይደለም። ሩሲያዊው ስሉትስኪና ብሪታንያዊው ዩል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ አሳይተዋል፤ ስሉትስኪ የተጠቀመው የሎተሪ ዕጣ ቁጥሮችን ነበር። በጊዜው ብዙ ሊቃውንት የንግድ ውጣ ውረድ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሲከራከሩ፣ ከዕጣ ቁጥሮች ያንን የሚመስል ማዕበል ማውጣት እንደሚቻል ማየታቸው ብዙ አስደንግጧቸዋል።

ከዚህ ልምምድ ተማሪው የሚይዘው ቁም ነገር አንድ ነው። ማጣሪያ ሁከትን ብቻ አያስወግድም፤ የራሱን ቅርጽ በቀረው ላይ ያትማል። ከማጣሪያው በኋላ የምናየው ማዕበል ከዝናቡ የመጣ ይሁን ከማጣሪያው፣ ዓይናችን ብቻውን ሊለየው አይችልም።

ባዶ ቦታና ዜሮ

ሌላው ልምምድ አጭር ነው፤ ጉዳቱ ግን አጭር አይደለም። ተማሪዎች ካስመሰሉት መዝገብ ላይ የአንድ ዓመት ሐምሌን እንዲያጠፉ እናደርጋለን፤ መዝጋቢው ታምሞ ያልተነበበ ወር ነው እንበል። መዝገቡ ወደ ሶፍትዌር ሲገባ ባዶው ቦታ በቸልተኝነት ዜሮ ተደርጎ ይሞላል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ዝናብ በሚበረታበት ወር «ምንም አልዘነበም» ተብሎ ስለ ተመዘገበ ያ ዓመት ከባድ የድርቅ ዓመት ሆኖ ይታያል። ያልታወቀ ነገርና ያልነበረ ነገር የተለያዩ ናቸው። በወረዳ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ልዩነት ሳያስተውል ቢያልፍ፣ የታመመ መዝጋቢ ድርቅ ሆኖ በሪፖርት ላይ ይገባል።

አንድ ሺህ የሐሰት መዝገብ

ታዲያ እውነተኛ ዑደትን ከሐሰተኛው እንዴት እንለያለን? ሲሙሌሽን ችግሩን እንዳሳየን ሁሉ መፍትሔውንም ይዟል።

በመጀመሪያ ያልተጣራውን መዝገብ እንይዛለን። 40 ዓመታዊ ቁጥሮች ያሉት መዝገብ ስፔክትረሙ ሊለያቸው የሚችላቸው ረጃጅም ዑደቶች 40፣ 20፣ 13.3፣ 10፣ 8፣ እያለ ይወርዳል። በ8 እና በ10፣ ወይም በ10 እና በ13 መካከል ያለውን በአግባቡ መለየት አይችልም። በዚህ ላይ የ10 ዓመት ዑደት በ40 ዓመት ውስጥ የሚደገመው አራት ጊዜ ብቻ ነው። አራት ምስክር ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ከንጹሕ የዘፈቀደ ቁጥር የወጣ ስፔክትረም ጠፍጣፋ አይሆንም። ጫፎች አሉት። ለ40 ዓመት መዝገብ ከሁሉ የሚረዝመው ጫፍ በአማካይ ከሌሎቹ አማካይ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ያንን ጫፍ ግኝት አድርጎ ይይዘዋል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ እንደ እውነተኛው መዝገብ 40 ዓመት የሚረዝሙ አንድ ሺህ የዘፈቀደ መዝገቦችን እንዲሠራ እናዛለን። ከእያንዳንዱ ረጅሙን ጫፍ ብቻ ወስደን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደረድራለን። በእጃችን ያለው የእውነተኛው መዝገብ ጫፍ ከ950ዎቹ በላይ ካልረዘመ፣ «ዑደት አግኝቻለሁ» ለማለት ማስረጃ የለንም። በስሌት ሲታይ ጫፉ ከአማካዩ ስድስት እጥፍ ገደማ መድረስ ይኖርበታል። እውነተኛ ዝናብ ላይ የተካሄደ ማንኛውም ማጣሪያ ካለ፣ ያው ማጣሪያ በአንድ ሺዎቹም ላይ መካሄድ አለበት።

ታዲያ ሰባ ሰባትስ?

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ አንድ ተማሪ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። «መምህር፣ ታዲያ ሰባ ሰባትስ? እሱም ዘፈቀደ ነበር ሊባል ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰባ ሰባት ነበር። የደረሰበት ቤተሰብ ያውቀዋል። እኛ የምንጠራጠረው ድርቁን አይደለም፤ ድርቁ ቀጠሮ ይዞ መምጣቱን ነው። ከ1966 እስከ 1977 ዓ.ም. 11 ዓመት ነው። ሁለት ነጥብ ግን አንድ ርቀት ብቻ ይሰጣል፤ ርቀቱ መደጋገሙን አይነግርም። የዝናብ መለዋወጥ ደግሞ ምክንያት የለሽ አይደለም። ኤል ኒኞ የሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የክረምት ዝናብን የመቀነስ ጠባይ አለው፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት የታየው ከባድ የዝናብ እጥረት ከብርቱ ኤል ኒኞ ጋር የተገናኘ ነበር። ይህ ክስተት የሚመላለሰው ግን ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለ ያልተስተካከለ ልዩነት ነው። ቀን ቆጥሮ የሚጠበቅ ሳይሆን በየዓመቱ ውቅያኖሱን እየለኩ የሚከታተሉት ነገር ነው። በሌላም በኩል ድርቅን ወደ ረሃብ የሚለውጡት ጦርነት፣ መንገድ፣ ገበያና የመንግሥት ውሳኔ ጭምር ናቸው፤ እነዚህን የዝናብ መለኪያ አይለካቸውም።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል? ድርቅ በየዐሥር ዓመቱ ይመጣል ብሎ ያመነ ሰው ከአንድ ክፉ ዓመት በኋላ ዘጠኝ ዓመት እፎይታ እንዳለው ያስባል። በጎተራ ያለው እህል ይሸጣል፤ የመጠባበቂያ ዕቅዱም ይላላል። ቀጣዩ ክፉ ዓመት ግን በሦስተኛው ዓመት ሊመጣ ይችላል። የሌለ ዑደት አግኝቶ ያሳተመ ተመራማሪ ስሕተቱ ከወረቀት አልፎ ከሰው ጎተራ ይደርሳል።

የቦታ ጉዳይም አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ድረስ ያለው አገር አንድ ዓይነት ዝናብ የለውም። የነፋስ መውጫ መለኪያ ስለ ስማዳ ቆላ፣ የመካነ ኢየሱስ መለኪያ ስለ ጉና አናት አይመሰክርም። መንገደኛው በጊዜ ላይ የሠራውን ስሕተት እኛ በቦታ ላይ ልንደግመው እንችላለን። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዝናብ ከሳተላይትና ከመሬት መለኪያዎች አጣምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ክፍልፋይ የሚገምተው ቺርፕስ የተባለው መረጃ በነጻ ስለሚገኝ፣ ተማሪዎች ይህን ልዩነት ራሳቸው ሊያዩት ይችላሉ።

ሶፍትዌሩና ተማሪው

የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ተብሎ ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። በክሌቭ ሞለር የተጀመረውና እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ በኩባንያ የሚሸጠው ማትላብ በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል፤ ፈቃዱ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ኦክታቭ ከማትላብ ጋር እጅግ የተቀራረበ ቋንቋ ያለው ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ፓይተንም እንዲሁ በነጻ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የጠቀስናቸው ልምምዶች በሦስቱም ይሠራሉ። ተመርቆ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚመለስ መምህር ትምህርቱን ይዞት እንዲሄድ ስለምንፈልግ ነጻዎቹን እንመርጣለን።

ሲሙሌሽን የራሱ ወጥመድ እንዳለውም አንደብቅም። ቁልፍ ተጭኖ ግራፍ የሚያወጣ ተማሪ የተማረ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ደንቦች አሉን። አንደኛው፣ ማንም ተማሪ ፕሮግራሙን ከማስኬዱ በፊት የሚጠብቀውን ውጤት በወረቀት ላይ ይሥላል፤ ውጤቱ ከሥዕሉ ሲለይ ምክንያቱን ያስረዳል። ሁለተኛው፣ የስምንት ቁጥሮችን ስፔክትረም አንድ ጊዜ በእጁ ያሰላል። መብራት ጠፍቶ ክፍለ ጊዜው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለቀባቸው ቀኖች ከዚህ አንጻር ኪሳራ አልነበሩም።

ኮምፒውተር ለሌለው አንባቢ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን ለማየት ኮምፒውተር መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ከ1 እስከ 20 ያሉ ቁጥሮችን በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፋችሁ በባርኔጣ ውስጥ ጨምሩ። አንድ ዕጣ አውጡ፣ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ወረቀቱን መልሳችሁ ቀላቅሉት። ይህን 40 ጊዜ አድርጉ። ከዚያ የአምስት አምስቱን አማካይ ውሰዱ፤ በተገኘው ላይ ደግሞ በድጋሚ ውሰዱ። 32 ቁጥሮች ይቀሯችኋል። በግራፍ ወረቀት ላይ ሣሉና ለጓደኛችሁ ምንነቱን ሳትነግሩት «የትኛው ዓመት ሰባ ሰባት ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ጓደኛችሁ ጣቱን በአንዱ ጎድጓድ ላይ ሲያሳርፍ ባርኔጣውን አሳዩት። የሲግናል ትንተና የመጀመሪያ ትምህርት ያ ነው።